ለስልሶ የሚሞተው ሸራ፦ ከእጅ ወፍጮ እስከ ባጃጅ ፍሪሲዮን

በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው ገጠር እህል ለዘመናት በእጅ ወፍጮ ተፈጭቷል። ወፍጮው ብዙ ሲሠራ ፊቱ ይለሰልሳል። ድንጋዩ ገና ወፍራም ነው፤ እህሉ ግን ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ አልደቅ ይላል። ያኔ ወፍጮው ይወቀራል፤ ፊቱ ተቀጥቅጦ ሻካራነቱ ይመለስለታል።

ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅም በዚሁ በሽታ ይያዛል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ጉልበት አያገኝም። «ሸራው አልቋል» ይባላል። በእርግጥ አልቆ ነው ወይስ ለስልሶ? የጥያቄው መልስ የባለባጃጁን ኪስ ይነካል።

ቃላቱ ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። «ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ መፋተግ ማለት ነው። «ሸራ»ም ለነገሩ የተገባ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሮዶን የመሠረተው እንግሊዛዊ ኸርበርት ፍሩድ፣ የደርቢሻየር ባለጋሪዎች ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬናቸው እንዲይዝላቸው አሮጌ ጫማ ሲጠቀሙ አይቶ ሐሳቡን እንዳገኘ ይነገራል። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሸራዎች በማጣበቂያ የተነከሩ እውነተኛ ሽምን ጨርቆች ነበሩ።

ደረቅ ሸራ ግን ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሰልቢ ሄል-ሾው ዲስኮችን ደራርቦ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን አበጀ። የባጃጅ ፍሪሲዮንም የዚህ ዘር ነው። ዘይቱ ሙቀቱን ይወስዳል፤ በዲስኮቹ መካከል ሲገባ ግን ያንሸራትታል። መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከሸራው ነው። በዛሬዎቹ የዘይት ፍሪሲዮኖች በብዛት የሚለጠፈው ከቃጫና ከሙጫ የተሠራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ወረቀት መሰል ነገር ነው። ዲስኮቹ ሲጨመቁ ዘይቱ በቀዳዳዎቹና በቦዮቹ ይሸሻል፤ የቃጫው ጫፎችም ብረቱን ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለት ዲስኮች ሲጋጠሙ ሙሉ ፊታቸው አይነካካም፤ የሚነካኩት ከፍ ከፍ ያሉት ነጥቦች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ላይ መበላት ይጠቅማል፤ ረጃጅሞቹ ጫፎች ይስተካከሉና የሚነካካው ስፋት ይጨምራል። ሲበዛ ግን ጫፎቹ ይደፈጠጣሉ፤ በሙቀት የተበላሸ ዘይት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ያበራል። የሚነካካው ስፋት ቢጨምርም ዘይቱ መሸሻ አጥቶ በመካከል ይቀራል። ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል ወይም ይንቀጠቀጣል። በመለኪያ ሲታይ ውፍረቱ ደህና የሆነ ሸራ፣ በፊቱ ግን የሞተ ሊሆን ይችላል።

ተንሸራታች ፍሪሲዮን ሁሉ ደግሞ የሸራ ችግር አይደለም። የመኪና ዘይት ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም መጨመር ሲያበዙ፣ ሞተራቸው፣ ማርሻቸውና ፍሪሲዮናቸው አንድ ዘይት የሚጋሩት ሞተር ብስክሌቶች ተቸገሩ። ለዚህም ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 ጃሶ የተባለውን የባለአራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ አወጣች፤ «ኤምኤ» የሚለው ምልክት ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን እንደሚሆን ያሳያል።

ባለአራት ምት ባጃጅም ዘይት የሚጋራው በዚሁ መንገድ ነው። ለመኪና የተቀመመ ዘይት የተሞላበት ባጃጅ አዲስ ሸራ ቢገባለትም ሊንሸራተት ይችላል። ባለባጃጁም ለሸራ፣ ለእጅ ዋጋና ሥራ ፈትቶ ለዋለበት ቀን ከከፈለ በኋላ ችግሩ እዚያው ይጠብቀዋል። ዳገት ላይ የፍሪሲዮኑን እጀታ ግማሽ ጨብጦ መቆምም ሙቀቱን ጨምሮ ሸራውን ያለ ዕድሜው ያለሰልሰዋል።

ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ቀዳዳው የተደፈነ ሸራ ግን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ የቀድሞ ፊቱን አያገኝም። ስለዚህ ጥንቃቄው አስቀድሞ ነው። ዘይት ሻጭ ዘይቱ ለምን እንደተሠራ ይናገር፤ መካኒክ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ይመልከት፤ ባለባጃጁም ሸራ ከመግዛቱ በፊት የሞላው ዘይት ምን እንደሆነ ይጠይቅ።