ሦስተኛው ስም

በአገራችን ሰው ስሙን ሲጠየቅ ሦስት ስም ይናገራል፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን። ከሦስተኛው ስም በላይ ያለው ትውልድ ከቅጽ ይወጣል፣ ከመታወቂያ ይወጣል፣ ውሎ አድሮም ከልጅ ልጆች አፍ ይወጣል። በባንክ መስኮት ተቀምጦ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ስም መጻፍና ስም ማመሳከር የዕለት እንጀራ ነው። በጅማ ደግሞ የዐረብኛ ስም ብርቅ አይደለም፤ አሕመድ፣ ሰዒድ፣ አብዱ ማለት እዚህ የአገር ስም ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ስም የጅማ ሰው ይሁን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሰው፣ ከወረቀቱ አይታወቅም። የሚያውቀው የስሙ ባለቤት ብቻ ነው። እኔም ከእነዚህ ባለቤቶች አንዱ ነኝ፤ የአባቴ አባት የመናዊ ነበሩ።

ስለ ግሪኮቹና ስለ አርመኖቹ የአገራችን ስደተኞች ብዙ ተጽፏል፤ ሲገባቸውም ነው። የመናውያኑ ግን በቁጥር የበዙ፣ በየገጠር ከተማው የዘለቁ፣ ከተርታው ሕዝብ ጋር በዱቤ የተሳሰሩ ሆነው ሳለ፣ ከትዝታ በቀር ብዙ አልቀራቸውም። ለምን ይሆን?

ነገሩ የሚጀምረው ከቡና ነው። የቡና ተክል መገኛው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ቢሆንም፣ ሸቀጥ ሆኖ በዓለም የታወቀው በየመን በኩል ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ነቅተው ለማደር ይጠጡት ነበር። ኋላም የሞካ ወደብ የዓለም የቡና በር ሆኖ ስሙን እስከ ዛሬ ለመጠጡ አውርሷል። ቡናው ከእኛ ወደ እነርሱ በተሻገረበት ባሕር ላይ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰዎቹ ወደ ቡናው መገኛ ተሻገሩ።

ለዚህ ጅማ የተመቸች አገር ነበረች። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የኖሩ፣ ንግድ የሚወዱና ነጋዴ የሚያከብሩ ንጉሥ ነበሩ። ቤተ መንግሥታቸው ከጅሬን ኮረብታ ላይ ቁልቁል ያያል፤ ከሥር የሂርማታ ገበያ ነበር። የዛሬዋ ጅማ የበቀለችው ከዚያ ገበያ ነው። ንጉሡም፣ አብዛኛው ሕዝባቸውም ሙስሊም ስለነበሩ፣ ከማዶ የመጣ ነጋዴ የሚሰግድበት መስጊድና ሰላምታውን የሚመልስለት ሰው አያጣም ነበር። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ባደረገ ጊዜም መንገድና ሕንፃ ተሠራ፤ ንግዱም ሰፋ።

እነርሱንስ ምን አስወጣቸው? ሰሜን የመን እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኢማሞች እጅ ነበረች። ግብሩ ከባድ፣ መሬቱ ጠባብ፣ ዝናቡ ያልታመነ ነበር። ከታዕዝ ደቡብ ካሉት ተራሮች፣ በተለይም ሁጀሪያ ከተባለው አውራጃ፣ ወንድ ልጅ ሲጎለምስ ቁልቁል ወደ ኤደን ይወርዳል፤ ኤደን ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ያለች ትልቅ ወደብ ነበረች። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ይገባል። ሚስቱን እዚያው ትቶ የሚመጣው ብዙ ነው። ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ መሬት ገዝቶ መመለስ።

በዚህ ዓይነት «አረብ ቤት» የሚባለው ሱቅ በየሰፈሩ ተከፈተ። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ የሻይ ቅጠል፤ ድሃ ሊገዛው በሚችለው መጠን ተከፋፍሎ ይሸጣል። ማለዳ ሁሉ ሳይነሣ የሚከፈት፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ የሚዘጋ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ከሱቁ ጓዳ ያድራል። ዐማርኛውና ኦሮምኛው የተሰባበረ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይሰበርም። ሱቅ የሚለው ቃል ራሱ የእነርሱ ነው። በረመዳን ምሽት የምንበላው ሙሸበክም የእነርሱን እጅ ያስታውሰናል።

ጥቂት ዓመት የተባለው ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆነ። በዚያ መካከል ልጆች ተወለዱ፤ አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት። እዚህ «ክልስ» ተባሉ፤ እዚያ «ሙወለድ»።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ መሐመድ አብዱልወሊ ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሊያውቀው የሚገባ ስም ነው። የተወለደው በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ በደብረ ብርሃን ነው። በአዲስ አበባ በየመናውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ወደ ካይሮ ሄዶ በግራ ዘመም አመለካከቱ ከዚያ ተባረረ፤ በሞስኮ በጎርኪ የሥነ ጽሑፍ ተቋም ገባ። ከ1962ቱ የየመን አብዮት በኋላ አባቱ አገር ገብቶ ዲፕሎማት ሆነ፤ እስርንም ቀመሰ። በሚያዝያ 1973 እ.ኤ.አ. በደቡብ የመን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ ነበር። ዛሬ ከዘመናዊው የየመን ልብ ወለድ መሥራቾች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

«እንግዳ ሆነው ይሞታሉ» ሊባል የሚችለው አጭር ልብ ወለዱ የሚፈጸመው ሰንዓ ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው። አብዱ ሰዒድ የተባለ ባለሱቅ ለራሱ ሳይበላና ሳይለብስ፣ በቆሸሸች ሱቁ ውስጥ ሳንቲም ያጠራቅማል። ገንዘቡ ወደ የመን ይሄዳል፤ እዚያ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ የሚያሠራው ቤት አለው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከእርሱ የወለደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ትሞትና ልጇ ያለ ሰብሳቢ ይቀራል። አብዱ ሰዒድ «የኔ አይደለም» ይላል። ማኅበረሰቡ ይመክራል፣ ይከራከራል፤ በመጨረሻ ልጁን የሚያነሣው እንደ ልጁ ክልስ የሆነ አንድ ጸሐፊ ነው። አብዱ ሰዒድም ቤቱን ሳይኖርበት ይሞታል።

ይህን ድርሰት ያነበብሁት በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ደራሲው የቆመበት ስፍራ ነው። ስደተኛው አባት ላይ የሚፈርደው ባዕድ አይደለም፤ ልጅ ነው። ደግሞም የአባቱን ድካም የሚያውቅ ልጅ ነው፤ እየፈረደ ያዝናል፣ እያዘነም ፍርዱን አያጥፍም።

የእኛን ቤት ነገር ላንሣ። አያቴ በሂርማታ አካባቢ ሱቅ ነበራቸው፤ የጅማ ልጅ አገቡ፣ አባቴንም ወለዱ። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ከእርሳቸው የቀረልን አንድ ሚዛንና አንድ የዱቤ ደብተር ነው። አባቴ ዐረብኛ ማንበብ አይችሉም፤ እኔም አልችልም። በጊንጆ ጉዱሩ በሚኖሩ አንድ የቁርኣን መምህር ፊት ደብተሩን ገልጠን፣ እርሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍሁ።

በሙያዬ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በአንድ ወገን የሰፈሩ ዱቤ ነው፤ ማን ስንት ስኳር፣ ማን ስንት ላምባ። በሌላው ወገን ወደ የመን የተላከው ገንዘብ በየወሩ ተመዝግቧል፤ ከጎኑ «ለቤቱ» ይላል። የአባቴን ስም ፈለግን፤ የለም። የአያቴንም ስም፣ የሚስታቸውን፣ ፈለግን፤ የለም። ወደ መጨረሻው ግን አንድ መስመር ተገኘ፤ «ለልጁ ጫማ» ይላል፤ ዋጋውም ተጽፏል። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጫማውን አውቀዋለሁ። ይጠበኝ ነበር፤ ግን አልተናገርሁም» አሉ።

ይህች መስመር አያቴን ነጻ ታወጣለች ወይስ ትከሳቸዋለች? እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጁን ያውቁታል፤ ጫማ ገዝተውለታል። ነገር ግን ከወጪ ጻፉት። «ለቤቱ» ከሚለው ረጅም ዓምድ አጠገብ ያ አንድ መስመር ነው የአባቴ ድርሻ።

አያቴን ብቻ መውቀስ ግን ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኤርትራ ጉዳይ እየተካረረ ሲሄድ አረብ ነጋዴ በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ጀመር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የግል ንግድም ተዳከመ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ሄዱ። ልጆቻቸውን ይዘው የተሻገሩም አሉ። እነዚያ ልጆች እዚህ «አረብ» ሲባሉ ኖረው እዚያ ሲደርሱ «ሐበሻ» ተባሉ። ዐረብኛቸው ተሳቀባቸው፤ እንጀራ ናፈቃቸው። እንግድነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንዲህ ነው።

የታሪክ ነገር ሆኖ ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። ከጅማ ዙሪያ የቡና ከተሞች ወጣቶች ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ፤ ብዙዎች በዚያችው በየመን በኩል፣ በዚያው ባሕር ላይ፣ ሕይወታቸውን አስይዘው ይሻገራሉ። በየመን ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተባባሰውን ጦርነት የሸሹ የመናውያን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። በመስኮቴ ፊት ሐዋላ ለመቀበል የሚቆሙ እናቶች ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል፤ «ለቤቱ» ይላሉ። ልጃቸው ያላየችው፣ ጣሪያው ገና ያልለበሰ ቤት ነው። አንዳንዶቹ የልጃቸውን ልጅ በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። እናቱ ያለችው በስልክ ውስጥ ነው።

አብዱ ሰዒድ እንግዲህ የመናዊ ብቻ አይደለም። ቤት እየሠራ ሕይወቱን የሚያሳድር ሰው ሁሉ ነው፤ ዛሬ የእኛው ልጅ ነው። ስለዚህ የመሐመድ አብዱልወሊ ድርሰት በዐረብኛ ስለተጻፈ የጎረቤት ሥነ ጽሑፍ ነው ብለን ማለፍ የሚገባን አይመስለኝም። የተወለደው ደብረ ብርሃን፣ የተማረው አዲስ አበባ፣ ታሪኩን የሠራው ስድስት ኪሎ ነው። የተሟገተለትም ያው ልጅ፣ የእኛይቱ እናት ልጅ ነው።

ዐረብኛ የምታውቁ፣ በዐማርኛ የምትጽፉ ሰዎች በመካከላችን አላችሁ። ይህ ሰው ከእናቱ ቋንቋ ጋር ቢተዋወቅ ምን አለበት? አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከእንግሊዝኛው እየተረጎምሁ ጥቂት ገጽ አንብቤላቸው ነበር። ጸሐፊው ልጁን ካነሣበት ስፍራ ስደርስ፣ «እሱን ድገመው» አሉኝ።