ጓሮ ሥራ ፈት ቤት አይፈልግም

የጓሮ አትክልት ጊዜ ለተረፈው ነው የሚሉ አሉ። የጓሮ ታሪካችን ግን ይህን አይደግፍም። ገበሬው ጤፉን ራቅ ካለ ማሳ እየዘራ ጎመኑንና ጌሾውን ከቤቱ ጥግ ያደረገው ጉልበት ለመቆጠብ ነው፤ አመድና ፍግ ሩቅ አይጋዝም። የሐበሻ ጎመንን እንይ፦ ከታች ያሉት ቅጠሎች ብቻ ይቀነጠሳሉ፣ ጫፉ ይተዋል፣ ተክሉም ለወራት ይመግባል። በየሳምንቱ መዝራት የለ፣ መኮትኮቱም ጥቂት ነው።

«ሥራው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነበር፤ መሬቱም ሰፊ ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሊሸፋፈንም አይገባም። ለሁለተኛው ግን ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር መልስ አለው፦ ሕዝብ በተጨናነቀበት በዚያ ተዳፋት እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ጓሮ ተደራርበው ይበቅላሉ።