የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ታሪክ በሜክሲኮ አደባባይ

ሜክሲኮ አደባባይ በቂርቆስና በልደታ መዋሰኛ አካባቢ የሚገኝ፣ ትምህርት ቤትና ባንክ ጎን ለጎን ያደጉበት ሰፈር ነው። ስያሜው ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘ ጊዜ ወረራውን አላውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ለነበረችው ለሜክሲኮ የውለታ መታሰቢያ ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲም እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ፣ በ1935 ደግሞ ሕዝቡ “ኮሜርስ” የሚለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ የጀመረውም በዚያው በ1935 ነው። ኮሜርስ የሒሳብ አያያዝ፣ የጽሕፈትና የባንክ ሥራ ሲያስተምር ኖሯል፤ የከተማዋን ባንኮችና የገንዘብ ቢሮዎች የሞሉት ብዙ ሠራተኞችም ከዚያ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት ክፍያ ከመንግሥት ካዝና ወደ ተማሪው ኪስ እንዴት እንደተሸጋገረ፣ ክፍያው ሲዘገይ ጣጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ ሰፈር የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

በኢትዮጵያ ለትምህርት ገንዘብ መክፈል የቆየ ልማድ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቆሎ ተማሪው የዕለት ጉርሱን ከየደጁ ለምኖ፣ መምህሩን እያገለገለ ይማር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሲከፈት፣ በ1954ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ለመደበኛ ተማሪ የትምህርቱን ወጪ የቻለው መንግሥት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የተማረ ሰው ጥቂት፣ ዋናው ቀጣሪም ራሱ መንግሥት ነበር። ተማሪው ውለታውን የሚመልሰው በሥራ ነው ተብሎ ስለታመነ በ1957 አካባቢ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ በማስተማርና በመሳሰለው ሥራ ያገለግል ነበር። በ1967 ደርግ ተማሪውን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲያሰማራ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ትምህርቱ ሲቀጥል ግን መደበኛ ተማሪ ያለ ክፍያ የመማሩ ሥርዓት አልተለወጠም።

የማታው ተማሪ ግን ከፋይ ነበር። በኤክስቴንሽን የሚማረው ቀን ቢሮ ሲሠራ የሚውል ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም አስተማሪ ነው። ከሥራ ሲወጣ በታክሲ ሜክሲኮ ወርዶ ወደ ኮሜርስ የሚያቀናው ይህ ተማሪ ለሚወስደው ትምህርት በክሬዲት ሰዓት እየተሰላ ይከፍላል። ገንዘቡን በካሸሩ መስኮት ይቆጥራል፣ ደረሰኙን ይቀበላል፣ ደረሰኙን ለሬጅስትራር አሳይቶ ይመዘገባል። ገንዘብ፣ ደረሰኝና ምዝገባ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚያልቁ ችግሩ ሰልፉ ብቻ ነበር።

ነጻው ትምህርት በሕግ የተለወጠው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። የ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት ያለ ክፍያ የሚያስተምረው እስከ 10ኛ ክፍል መሆኑን ገልጾ፣ ከዚያ በላይ ወጪን መጋራትን መርሑ አደረገ። በ1995 የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጣ፤ የወጪ መጋራት ደንቡም ተከተለ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። ከመጀመሪያው መክፈል የማይችል ተማሪ ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባለታል። መምህር የሚሆን ሰው ዕዳውን በአገልግሎት መክፈል ይችላል። “ኮስት ሼሪንግ” የሚለው ቃል በየተመራቂው አፍ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ዋናው ዲግሪ ስለማይሰጥ፣ ተመራቂው ከጊዜያዊ ማስረጃ ጋር ይቆያል። ቀጣሪው የቆረጠውን በወቅቱ ካላስገባ ወይም መዝገቡ ከተጓደለ፣ ከፍያለሁ ብሎ ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ይዞ የሚዞረው ተመራቂው ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ለውጥ መጣ። በ1986 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ የግል ባንኮችን ፈቀደ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንደ ዩኒቲ፣ አድማስና ቅድስት ማርያም ያሉ የግል ኮሌጆች ብቅ አሉ። ቅድስት ማርያም የተተከለው እዚሁ ሜክሲኮ፣ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል አጠገብ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያላገኘና ሥራ ላይ ሆኖ መማር የፈለገ ብዙ ሰው ወደነዚህ ኮሌጆች ገባ። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ጥሬ ገንዘብ በካሸር መቀበል አስቸጋሪ ሆነ፤ ኮሌጆቹ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለጥፈው “ባንክ ገቢ አድርጋችሁ ስሊፑን አምጡ” ማለት ጀመሩ። ገንዘቡና ምዝገባው የተለያዩት ያኔ ነው።

ስሊፕ ትንሽ ወረቀት ብትሆንም የተማሪው ሴሚስተር በእርሷ ላይ ይንጠለጠላል። የኮሌጁ ስምና ሒሳብ ቁጥር፣ የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ የአስገቢው ስምና ፊርማ ይሞላባታል፤ ገንዘብ ተቀባዩ ማኅተም አሳርፎ ቅጂውን ይመልሳል። ተማሪው ቅጂውን ለኮሌጁ ፋይናንስ ሰጥቶ የገቢ ደረሰኝ ይወስዳል፣ ደረሰኙን ይዞ ሬጅስትራር ይገባል። መዘግየቱ የሚፈጠረው በነዚህ ሦስት መስኮቶች መካከል ነው። ገንዘቡን ያስገባው አባት ወይም ታላቅ እህት ከሆነ፣ በባንኩ መግለጫ ላይ የሚታየው የእነሱ ስም እንጂ የተማሪው አይደለም። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ የአባትና የልጅ ክፍያ እንኳ በስም ብቻ በቀላሉ አይገናኝም፤ በሌላ በኩል በስም እስከ አባት የሚመሳሰሉ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ቢገኙ አይገርምም። ስለዚህ የመታወቂያ ቁጥሩን በስሊፑ ላይ መጻፍ የረሳ ተማሪ ገንዘቡ ኮሌጁ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ያልከፈለ ሆኖ ይቆጠራል። በምዝገባ ማብቂያ ሳምንት ባንክ ቤት “ሲስተም የለም” ከተባለ ደግሞ ቀኑ ያልፋል፣ ቅጣት ይታከላል።

በግንቦት 2013 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲጀምር፣ የንግድ ባንክና የሌሎች ባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ሲስፋፋ፣ ሰልፉ ወደ ስልክ ዞረ። በክፍለ ሀገር ያለ ወላጅ አዲስ አበባ ለሚማር ልጁ እቤቱ ተቀምጦ መክፈል ቻለ። ማረጋገጫው ግን አዲስ ችግር አመጣ። የስልክ ላይ ማረጋገጫ ምስል ሊቀናበር ስለሚችል ፋይናንስ ክፍሎች ምስሉን ብቻ አይቀበሉም፤ የግብይት ቁጥሩን ከባንኩ መግለጫ ጋር ያመሳክራሉ፣ ይህም እንደ ሥራው ብዛት ቀናት ይወስዳል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ በሚተላለፍ ክፍያ ላይ ገንዘቡ ከላኪው ሒሳብ ወጥቶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ እስኪስተካከል ወይም እስኪመለስ ድረስ ተማሪው ገንዘቡም ምዝገባውም የለውም።

ሥርዓቱ ምን ያህል በአንድ ቋት ላይ እንደተመሠረተ በመጋቢት 2016 ታየ። በየካቲት 2014 የተመረቀው፣ ከሜክሲኮ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በኩል ከሩቅ የሚታየው 209 ሜትር ሕንፃ ባለቤት በሆነው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በአንድ ሌሊት በሲስተም ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ የሚያወጡበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ባንኩ የተንቀሳቀሰው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። ብዙዎቹ አውጪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች መልሱ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥም በዚያ ባንክ የሚከፍለውም የሚቀበለውም እኩል ቆመ።

ለውጭ አገር ትምህርት የሚከፍለው ተማሪ ችግር ከሁሉ ይከብዳል። ብር ወደ ውጭ ምንዛሪ የሚለወጠው በባንክ ፈቃድ ስለሆነ የተቀባይነት ደብዳቤና የክፍያ ጥያቄ አቅርቦ ተራ መጠበቅ ግድ ነበር። የምንዛሪ እጥረት በበረታባቸው ዓመታት ተራው ሳይደርስ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምርበት አጋጣሚ ብዙ ነበር፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ውጭ ያለ ዘመድ ቀድሞ እንዲከፍልለት ይለምን ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ያው የዶላር ክፍያ በብር ሲሰላ በጣም ናረ።

በአገር ውስጥም ክፍያው ወደ ተማሪው እየተጠጋ ነው። በ2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርግ አዋጅ ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚው ሆነ፤ ከፍሎ የሚማር መደበኛ ተማሪም በነጻ የትምህርት ዕድል ከሚማረው ጎን መቀመጥ ጀመረ። ይህ በበዛ መጠን የክፍያ መዘግየት የማታ ተማሪ ጣጣ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የክፍያ ቁጥር ሰጥቶ ገንዘቡ እንደገባ መዝገቡን የሚሞላ አሠራር የስም መምታታቱን ያስቀራል። የቀረው የደንብ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ ከከፋዩ ሒሳብ የወጣበት ቀን የመክፈያ ቀን ሆኖ ከተቆጠረ፣ በባንኩና በፋይናንስ ክፍሉ መካከል ለሚያልፉት ቀናት ተማሪው አይቀጣም።