«አንተስ የታለህ?»

ባለፈው መስከረም እንጅባራ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ነበር፡፡ የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ አድላ ሕፃናቱን በአዊኛ «ራሳችሁን ሣሉ» አለቻቸው፡፡ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ስሙን መጻፍ አይችልም፤ መልኩን መሣል ግን አያቅተውም፡፡ ሁሉም በየተራ ሥዕሉን ይዞ እየወጣ ስለ ራሱ ይናገራል፤ የቀሩት ያዳምጣሉ፣ ይሥቃሉ፣ ይጠይቃሉ፡፡ አንዱ ወረቀቱን የሞላ ትልቅ ፈረስ ሥሎ መጣ፡፡ «አንተስ የታለህ?» ስትለው ጣቱን ፈረሱ ጀርባ ላይ ካለች ነጥብ ላይ አሳረፈ፡፡

በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን ድል እያሰበ በሚጋልብበት አገር፣ ልጁ ራሱን ያለ ፈረስ ቢሥል ነበር የሚገርመኝ፡፡

ለመሆኑ የአዊ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ «እኔ» ማለት የጀመረው መቼ ነው? በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የደረሰ ልጅ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ጆሮውን እንዲነካ ይደረግ ነበር፡፡ (ክንደ አጭሩ ምን በወጣው!) ጆሮውን ከነካ በኋላ ጥያቄው የሚመጣው በአማርኛ ነው፤ «ስምህ ማነው? የማን ልጅ ነህ?» አጎቴ እዚህ ላይ ዝም አለ፡፡ ስሙ ጠፍቶት አይደለም፤ ጥያቄው አልገባውም፡፡ ዝምታው ግን እንደ ድንቁርና ተቆጠረበትና ወራት ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፡፡ ዛሬም ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፡፡

የአካባቢውን መልክ ሌሎች ሥለውታል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ አነሣ፤ በ1936ም መጽሐፉን አሳተመ፡፡ ይሁንና ካርታ የወንዙን መታጠፊያ እንጂ የወንዙን ዳር ልጅ አያሳይም፡፡

ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ተደረገ፡፡ ትልቅ እርምጃ ነበር፡፡ አዊኛ ግን ከ15ቱ አንዱ አልነበረም፡፡ በሩ የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዊኛ በዞኑ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፡፡

የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው፤ ሆኖም አማርኛ የማያውቀው በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለውና «ጘ» የምትባል ፊደል ታክላለታለች፡፡ የሚገርመው፣ ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን «አውጚ» ብለው ሲጠሩ ይኸው ድምፅ ስሙ ውስጥ መኖሩ ነው፡፡ እኛ «አዊኛ» ስንል እርሱን ዘለን ነው፡፡

እንደ እኔ እምነት ያች የሥዕል ወረቀት ከጨዋታ በላይ ነች፡፡ ከተለያየ ቀበሌ ለመጡ፣ አማርኛና አዊኛ ለሚደባለቁባቸው ሕፃናት ሥዕሉ አስተርጓሚ አያሻውም፤ ከሥዕሉ በኋላ የሚመጣው ወሬ ግን ቋንቋ ይፈልጋል፡፡ አጎቴ የተነፈገው ይህን ወሬ ነበር፡፡

ወደ ማታ ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ ተለጠፉ፡፡ ባለ ፈረሱ ልጅ ቦታ ስለጠበበው አጠገቡ የተለጠፈችው ልጅ የፈረሱ ጭራ ወረቀቷ ላይ መግባቱን ከሰሰች፡፡ መምህርቷ ስታመነታ ልጁ እርሳስ አንሥቶ ልጅቷንም ፈረሱ ላይ አወጣት፡፡