ናፍጣ በፎገራ ሜዳ፦ ወረታ ያልደረሰችው የቤት መኪና

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው መሬቱ ዋልካ፣ ማለትም ክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥና በጋ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራንና ርብን እየተሻገረ ይህን ሜዳ ሲያቋርጥ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል በምትገኘው ወረታ ላይ ሌላ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይገነጠላል፤ ይህም በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው፣ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚገባው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር ለመድረስ ከ45 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ወደ 900 ሜትር ሽቅብ መውጣት ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ አካባቢ የአንድ መኪና ምቾት የሚለካው በወንበሩ ልስላሴ ብቻ ሳይሆን ሞልቶ ዳገቱን በሚወጣበት አቅምም ጭምር ነው።

በዚህ መለኪያ የናፍጣ ሞተር ብልጫ አለው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በተግባር ያሳየው ይህ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን አየርን አጥብቆ በማመቅ በሚፈጠረው ሙቀት በመሆኑ፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በዝቅተኛ ዙርም ጉልበት ይሰጣል። ጉድለቱ ክብደቱ፣ ንዝረቱና ጩኸቱ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ቀርቶ ጥቁር ጭስ ይወጣዋል። አውሮፓውያን ይህን ችግር ያቃለሉት በቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ በሚገፋ መሣሪያ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በናፍጣ ሞተር የቀረበችው ቮልስዋገን ጎልፍ ከ15 ዓመት በኋላ 1,896 ሲሲ ባለ ቱርቦ ሞተር ተገጥሞላት ለቤተሰብ የምትመች፣ ርቀት የማይበግራት ትንሽ መኪና ሆነች። የጃፓኗ ኮሮላም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 1,839፣ ቀጥሎም 1,974 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነበራት።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ልብ ማለት ይገባል፤ ሦስቱም ከ1,800 ይበልጣሉና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪኖችን በሞተር መጠን ከፍሎ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለባቸው። ታክሱ የሚሰላው የጉምሩክ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ በመሆኑ፣ ወደብ ላይ 100 ብር የምታወጣ መኪና 35 በመቶ ቀረጥ ተጨምሮባት፣ ባለ 1,295 ሲሲ የቤንዚን ኮሮላ ከሆነች 175 ብር ከ50፣ የናፍጣ እህቷ ከሆነች ግን 270 ብር ትደርስ ነበር፤ ይህም ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ሳይታሰቡ ነው። ሕጉ ትልቅ ሞተርን የቅንጦት ምልክት አድርጎ ቆጠረው። ይሁን እንጂ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የቤንዚኑን ያህል ጉልበት ለማውጣት በመጠን መብለጥ ግድ ስለሚለው፣ ይህ አቆጣጠር ለደጋው ዳገት የምትስማማውንና ነዳጅ የምትቆጥበውን መኪና ከባለጸጋ መኪና ጋር አንድ ላይ ደመረ። ስሌቱ ትክክል አልነበረም፤ ዋጋውንም የከፈለው እንደ ፎገራ ያለ ገጠር ነው።

የዚህ አዋጅ የታክስ ሰንጠረዥ ዒላማ የቤት መኪና፣ ጂፕና ፒክአፕ እንጂ የሕዝብ ማመላለሻ ስላልነበረ፣ ናፍጣ ወደ ወረታ የገባው በአይሱዙ የጭነት መኪናና ሕዝቡ ዶልፊንና አባዱላ በሚላቸው የቶዮታ ሃይየስ ሚኒባሶች ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የሞከሩት ሩዝ በኋላ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ገበሬው ከነኩንታሉ የሚሳፈርበት፣ ነጋዴው ጆንያውን ፖርቶመጋላ ላይ የሚጭንበት፣ ሙሽራም ሕመምተኛም የሚሄድበት የቤተሰብ መኪና ይኸው ሚኒባስ ሆነ። ስለ ምቾቱ ከተነሣ፣ የኋላ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ በመሆኑ ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፣ ሲሞላ ግን ይረጋል፤ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ደግሞ ሰው ለክብር የሚሻማበት ጋቢና በዳገት ላይ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ነው።

በአንጻሩ የናፍጣ የቤት መኪና በማንኛውም ዘመን ብትመጣ ትስማማ ነበር ማለት አይቻልም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ኮመን ሬል፣ ማለትም ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት አቆይቶ በኤሌክትሮኒክስ ትእዛዝ የሚረጨው ሥርዓት፣ ሞተሩን ጸጥተኛ ቢያደርገውም፣ በበርሜል የተቀዳና ውኃ ወይም ቆሻሻ የነካው ናፍጣ በቀላሉ ያበላሸዋል፤ ጥገናውም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የቀድሞውን የናፍጣ መርጫ ፖምፓ ግን ልምድ ያለው መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። ስለዚህ ለፎገራ የምትበጀው የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥሪት ነበረች፤ እሷ በርካሽ በምትገኝበት ጊዜ ግን አዋጅ ቁጥር 307 በሥራ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ መኪኖች ላይ ታክሱን እጅግ አናረው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ።