ጆንያና ባለሙያው

እነዋሪ ገበያ ላይ «ማዳበሪያ ስንት ነው?» የሚል ሰው ሁልጊዜ ዩሪያ ፈልጎ አይደለም። ባዶ ከረጢት ሊገዛ ይሆናል። የጅሩ ገበሬ ማዳበሪያው የመጣበትን ፕላስቲክ ከነስሙ አስቀረው፤ ስንዴውም ጤፉም ምስሩም «በማዳበሪያ» ይሸጣል። ከዚያ በፊት የነበረው ጆንያ ነው። አንድ ጆንያ ማለት አንድ ኩንታል በነበረበት ዘመን ያደግን ሰዎች፣ ዝናብ ሲመጣ አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፈን እንደ ገሳ እንደርበው ነበር።

ስሙ እንግዳ ነው። ሕንዶች «ጎኒ» ይሉታል፤ ወደኛ የገባው በዐረቦች በኩል ይመስለኛል። ጆንያ የሚሠራበት ጁት የሚባለው ቃጫ የሚበቅለው ቤንጋል ነው። በማሽን መፍተሉ የተሳካው ግን ስኮትላንድ ውስጥ፣ ዳንዲ በምትባል ከተማ ነው። ዳንዲዎች ዓሣ ነባሪ አዳኞች ነበሩ። ደረቁ ቃጫ እየተበጣጠሰ ሲያስቸግራቸው በዓሣ ነባሪ ዘይትና በውሃ አለስልሰው፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1830ዎቹ ጀምሮ ፈተሉት። የዓለም እህልና ቡና በዳንዲ ጆንያ ተጓዘ።

ታዲያ ሀብቱ ለከተማዋ ወንዶች አልሆነም። ፋብሪካዎቹ በርካሽ የሚቀጥሩት ሴቶችንና ልጆችን ነበር። ልጁ 18 ሞልቶት የአዋቂ ደመወዝ የሚገባው ሲሆን ይሰናበታል። ሚስት ፋብሪካ ስትውል ባል ቤት ቁጭ ብሎ ውሃ ይጥዳል፤ እንዲያውም «ማንቆርቆሪያ ጣጆች» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። የኛ ሰው ይስቅ ይሆናል። ሥራ ያጣ ወንድ ግን በየትም አገር አያስቅም።

እ.ኤ.አ. በ1855 ካልካታ አጠገብ፣ ሪሽራ ላይ የመጀመሪያው የጁት ፋብሪካ ሲቆም ማሽኑ ከዳንዲ ተጭኖ ሄደ። ማሽን ብቻውን አይሄድም፤ ሰው ተከተለው። በሆግሊ ወንዝ ዳር ፋብሪካዎች ሲበዙ መካኒኩ፣ የክፍል ኃላፊው፣ ሥራ አስኪያጁ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ስኮትላንዳዊ ነበር። አገሩ ተራ ሠራተኛ የነበረው ሰውዬ እዚያ አሽከር ያቆመ «ሳሂብ» ሆነ። የሠራተኛውን ቋንቋ የሚያውቀው ከስንት አንዱ ነው፤ በመካከል ሰርዳር የሚባል አለቃ አለ፣ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም በተግባር እሱ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ከቢሃር፣ ከኦሪሳ ችግር ገፍቶት የመጣ። ሁለት ስደተኞች አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሹሞ!

የሚገርመው ወዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው የገነቡት ተቀናቃኝ የገዛ ከተማቸውን አደቀቀው። አስራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሲያልቅ ካልካታ ዳንዲን ቀድማለች። የዳንዲ ባለፋብሪካዎች የካልካታው የሥራ ሰዓት ረዘመ፣ ሕግ ይውጣለት እያሉ ለንደን ድረስ ጮኹ። ለሕንዱ ሠራተኛ አዝነው ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ሙያው ግን ወደ ሕንዱ እጅ ቶሎ አልገባም። የላይኛው ወንበር የስኮትላንዳዊው ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1919 ጋንሻም ዳስ ቢርላ የተባለ ማርዋሪ ነጋዴ የራሱን የጁት ፋብሪካ ሲያቋቁም፣ ከመጀመሪያው ፋብሪካ 64 ዓመት አልፏል።

ይህ ቢርላ ለኛ ባዳ አይደለም። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መባቻ በኛ አቆጣጠር፣ አቃቂ ላይ ኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅን ያቆመው የሱ ድርጅት ነው። ሕንድ ከአገሯ ውጭ ከሠራቻቸው ታላላቅ ፋብሪካዎች ቀዳሚው መሆኑ ይነገርለታል። አሁን በስኮትላንዳዊው ቦታ ሕንዱ ቆመ፤ በሕንዱ ቦታ የኛ ሰው።

ወደኛ ሰፈር ስንመለስ፣ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያገኘችው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2011። የመንዝ ሴት ግን ከሁሉም በፊት ሱፍ ትፈትል ነበር፤ ባናውን ሸማኔው ይሠራዋል። ያገሬ ሰው ስለ ፋብሪካ ሲያወራ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይቀጥራል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ማሽኑ ሲቆም ማን ነው የሚጠራው እላለሁ። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ኮንትራቱ አልቆ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ ከእነዋሪ የሄደችው ልጅ አሁንም ክር ቀጣይ ከሆነች 64 ዓመቱ ገና ከአንድ ሊቆጠር ነው።

ዳንዲ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጁት አትፈትልም። ከፋብሪካዎቿ አንዱ ሙዚየም ሆኗል። ቡናችን የሚላክበት ጆንያ ግን ዛሬም ከባንግላዴሽና ከሕንድ ይመጣል።