ታፋይት ስለሚባለው ሐምራዊ ዕንቍ

አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ማዕድን ወደ ሊቃውንት እጅ የሚደርሰው ከተራራ ተፈልፍሎ ወይም ከወንዝ ጠጠር ተለቅሞ፣ ገና ጥሬ ሳለ ነው። ታፋይት ግን በመጀመሪያ የተገኘው ተጠርቦና ተወልውሎ ለጌጥ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ከየት አገር እንደ ወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1945 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ሪቻርድ ታፌ የሚባል የከበሩ ድንጋዮች ዐዋቂ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ይኖር ነበር። አያቱ የኦስትሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ እርሱ ግን ከአንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ ልዩ ልዩ ትንንሽ ድንጋዮችን ገዝቶ ይለይ ነበር። ከእነርሱም መካከል ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ድንጋይ አገኘና ስፒኔል መሰለው። በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ግን ከድንጋዩ በስተኋላ ያለው ትቢያና ጭረት ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየው። ስፒኔል ደግሞ ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ አያሳልፍም። ሌላ ሰው ቢሆን «ዓይኔ ደክሞ ነው» ብሎ በተወው ነበር። ታፌ ግን ድንጋዩን ለንደን ለነበረው ሊቅ ለአንደርሰን ላከው።

የድንጋዩ ክብደት 1.419 ካራት ብቻ ነበር፤ ይህም ከአንድ ግራም ሲሶ ያነሰ ነው። ጠባዩ በዚያን ጊዜ ከታወቀ ከማናቸውም ማዕድን ጋር አልገጠመም። ከምን እንደ ተሠራ በኬሚስትሪ ለመመርመር ከእርሱ ቈርሶ ማጥፋት ግድ ሆነ። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ሆኖ የሚታወቀውን ዕንቍ ማን ያስቈርሳል? ባለቤቱ ፈቀደ፤ ለእኔ ከግኝቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በምርመራውም እንደ ስፒኔል ማግኒዝዩምና አሉሚንዩም፣ ከእነዚህም ሌላ ቤሪልዩም ተገኘበት። ቤሪልዩምና ማግኒዝዩምን ዋና ክፍሎቹ አድርጎ የያዘ ማዕድን ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበር። በ1951 የምርመራው ውጤት ታትሞ ወጣ፤ ስሙም ከአግኚው ተወሰደ።

ሁለተኛው ታፋይት በ1949 ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም የተጠረበ ነበር። ኋላ ግን በስሪላንካ፣ በቀድሞ ስሟ በሲሎን፣ ዕንቍ በሚለቀምበት ጠጠር ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ፤ በታንዛኒያና በምያንማርም ተገኝቷል። ጥንካሬው አልማዝ 10 በሚባልበት መለኪያ ከ8 እስከ 8.5 ስለሚደርስ ለቀለበት የሚበቃ ነው። መልኩ ከስፒኔል ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ከዚያ በኋላ ከተገኙት ታፋይቶች አንዳንዶቹ በስፒኔል ስም ተቀምጠው የቈዩ ነበሩ።